ዝናቡ ሳይቀድምህ

ልጄ፣ የአባትህን የቡና ማሳ እንደተረከብክ፣ ዘንድሮ አገር በቀል ዛፍ ልትተክልበትና ግርጌው ያለውንም ጨፌ ልታድን እንዳሰብክ ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ አደርኩ። አባትህም ነፍሱን ይማረውና ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። ልብህ ቀና ነው፤ ጉልበትም አለህ። ችግርህ ሁሉን ነገር «ክረምቱ ሲገባ እደርስበታለሁ» ማለትህ ነው። እኔ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ከወሎ ተነሥተው ኢሉባቦር ከሰፈሩት አንዱ ነኝ። ዛፉ አልቆ ምንጩ የነጠፈበትን አገር አውቃለሁ፤ መቱ ስደርስ ደግሞ ጉሙ እስከ ረፋድ ከዛፍ ጫፍ የማይነሣበትን አገር አየሁ። የዚህ አገር የኦሮሞ ገበሬዎች ጎጆ ቀልሰው ተቀበሉን፤ ዛፉን በየስሙና በየጠባዩ ያስተማሩኝም እነሱ ናቸው። ኋላም ብዙ ዓመት በችግኝ ጣቢያ ሠርቻለሁ። አሁን የምጽፍልህ ከዚያ ሁሉ ያገኘሁትን ነው። አንብበህ ከመሳቢያ አትክተተው።

1. በጥር ጀምር። የእኛ አገር ዝናብ ረጅም ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንባል። ጎሬማ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ይህ ጸጋ ሰውን ያዘናጋል። በሰኔ ችግኝ ፍለጋ የሚሯሯጥ ሰው የሚያገኘው ሌላው የተወውን ነው፤ የተረፈውም አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ይሆናል። ዘር የሚለቀመው፣ የምንጩ ዓይን የት እንደሆነ የሚታወቀው፣ የትኛው መሬት እንደሚሰነጠቅ የሚታየው በደረቁ ወራት ነው። በጥርና በየካቲት ዘርህን ልቀም፣ ጨፌህን መርምር። በመጋቢትና በሚያዝያ መደብህን አዘጋጅ። ግንቦት ሲያልቅ ጉድጓድህ ተቆፍሮ ይጠብቅህ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ?

2. ከመትከልህ በፊት ያለህን እወቅ። አንድ ቀን ገጀራህን ቤት ትተህ ማሳህን ዙረው። ገጀራ የያዘ እጅ ሳይቆርጥ አያልፍምና ባዶ እጅህን ሂድ። የትኞቹ ትልልቅ ዛፎች እንዳሉህ እይ፤ ከዚያ ከሥራቸው ተንበርክከህ ምን እንደበቀለ ተመልከት። ዋንዛ ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ ነው። ሰሳ ሲመሽ ቅጠሎቹን ያጥፋል። ብሳና ገና ትንሽ ሳለ እንኳ ከአረንጓዴው መሃል አንድ ሁለት ብርቱካናማ ቅጠል አያጣም። ያገኘኸው ቡቃያ ሁሉ አጠገብ ካስማ ትከልና የጨርቅ ቁራጭ እሰርበት። ባዶ ነው ብለህ ልትተክልበት ያሰብከው ቦታ ላይ ደኑ ራሱ ቀድሞህ ተክሎ ልታገኘው ትችላለህ። በራሱ የበቀለ ዛፍ መሬቱን መርጦ የበቀለ ነው፤ ከችግኝ ጣቢያ የመጣው ግን አንተ በመረጥክለት ቦታ ለመኖር ይታገላል።

3. የቡናውን ሥር ስትመነጥር ቡቃያውን እለፈው። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝልኝ። ቡና ከመለቀሙ በፊት ሰው ሁሉ ሐረጉን፣ አረሙን፣ ቁጥቋጦውን ይመነጥራል። ለለቀማ ይመቻል፤ ቡናውም አየር ያገኛል፤ ይህን አልቃወምም። ነገር ግን ገጀራው የቀረሮን ቡቃያ ከአረም አይለይም። በየዓመቱ እንዲህ የተመነጠረ ማሳ ላይ ቀና ብትል ግዙፍ ዛፍ ታያለህ፤ ጎንበስ ብትል ቡና ታያለህ፤ በመካከል ግን ወጣት ዛፍ የለም። ከመንገድ ላይ ሲያዩት ደን ነው፤ ውስጡ ሲገቡ ተተኪ ያጡ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። አንዱ በነፋስ ሲገነደስ ጥላው ይከፈታል፤ ቡናው ፀሐይ ይበላዋል፤ ባለቤቱም «ዘንድሮ ቡናዬን ምን ነካው?» ይላል። የነካው ከሃያ ዓመት በፊት የተቆረጠው ቡቃያ ነው።

ከመቱ ወደ በደሌ ስትሄድ የምታልፈውን የያዩን ደን አስበው። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ 167 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። ዓለም ይህን ደን ያከበረው፣ የአረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው ከደን ሥር በራሱ ከሚበቅልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ነው። እዚያ መሬቱን በሦስት ከፍለውታል፤ እምብርቱ አይነካም፣ በዙሪያው ባለው ደን ቡና ይለቀማል፣ ከዚያ ወዲያ ባለው ሰው ይኖራል፣ ያርሳል። ያንተ ማሳ ትንሽ ብትሆንም ይህንኑ አድርግ። አንድ ጥግ ገጀራ የማይገባበት ይኑርህ፤ ምንጩ ያለበት ጥግ ቢሆን ይመረጣል። በቀረው መሬት ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ አንድ ጤነኛ ቡቃያ እየለየህ አሳድግ። ሁሉንም ማትረፍ የለብህም፤ ሽማግሌዎቹን የሚተካ ከተገኘ ይበቃል። ለመንጣሪዎቹ የቀን ሠራተኞችም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ራስህ ዙረህ አሳያቸው። ያላሳየኸውን ቡቃያ ቆረጠ ብለህ ሠራተኛ አትቆጣ።

4. ጨፌውን ከራሱ ጀምረህ አድን። ጨፌ የክረምቱን ውኃ ይዞ በበጋ ጥቂት በጥቂት የሚለቅ መሬት ነው፤ ከታች ያሉት ምንጮች የሚኖሩት በእሱ ነው። በዚህ አገር ጨፌ ማረስ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በበጋው ወራት ቦይ ይቆፈራል፤ ውኃው ይንጠፈጠፋል፤ በቆሎ ይዘራል። ያ በቆሎ ከባዱ ክረምት ሳይጫን ይደርስና ጎተራ ባዶ በሚሆንበት ወቅት ስንቱን ቤተሰብ አሻግሯል። ስለዚህ ጨፌ ፈጽሞ አይታረስ አልልህም፤ የራበውን ሰው ስለ ቄጠማ መስበክ ነውር ነው። ጨፌን የሚገድለው ቦዩን ከልክ በላይ ማጥለቅ፣ እስከ ምንጩ ዓይን ድረስ ማረስ፣ በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ቦዩን ክፍት መተውና ከብት መልቀቅ ነው። በከብት እግር የተረገጠ ጨፌ ይጠጥራል፤ ቄጠማው ጠፍቶ አጭር ሣር ይወርሰዋል፤ ውኃው ወደ ታች ይሸሻል። ከዚያ በኋላ በቆሎም አይሰጥ፣ ቄጠማም አይሰጥ።

ቀድሞ ይህን ሁሉ የሚያስተባብር ሰው ነበረ፤ አባ ለጋ ይባላል። ቦይ መቼ እንደሚቆፈር፣ መቼ እንደሚደፈን፣ ከብት እስከ መቼ እንደሚከለከል ከባለመሬቶቹ ጋር መክሮ ያስወስናል። አንዱ ቦዩን ክፍት ቢተው የሌላው መሬት እንደሚደርቅ ሁሉም ያውቃልና ቃሉ ይከበር ነበር። ሕዝቡ ሲበዛና «ጨፌው ሁሉ ይታረስ» የሚል ዘመቻ ከላይ ሲመጣ ይህ ሥርዓት በብዙ ቦታ ላላ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢሉባቦርን ጨፌዎች ያጠኑ ባለሙያዎችም ጨፌው በሕይወት የቆየው የገበሬው ዕውቀትና ስምምነት ባልተቋረጠበት ቦታ እንደሆነ አይተዋል። በአካባቢህ አባ ለጋ ካለ ሄደህ እጅ ንሣ፤ ምክሩንም ጠይቅ። ከሌለ ሽማግሌዎቹን ጠይቅ፤ ደንቡን የሚያስታውስ አይጠፋም።

ያንተ ሥራ ይህ ነው፦ ከምንጩ ዓይን ዙሪያ ማረሻ አይድረስ። ቦዮቹን በየተወሰነ ርቀት ሣር በያዘ አፈር ጓል ድፈናቸው፤ በልቅ አፈር የተደፈነ ቦይ በመጀመሪያው ጎርፍ ይከፈታል። ከብት ሁለት ክረምት አታስገባ። ቄጠማ አትትከል፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ካለ ውኃው ሲመለስለት ራሱ ይወጣል።

5. ቄጠማን እጨድ እንጂ አትንቀል። ለፋሲካ ገበያ ሲባል ልጆች ከነሥሩ ሲመዘምዙት አያለሁ። በማጭድ የታጨደ ቄጠማ ለመጪው በዓልም ይደርሳል፤ ቤት ለመክደንም ይሆናል። ገቢ የሚሰጥህን ጨፌ ማንም ና እረሰው ብሎ አያታልልህም።

6. ባሕር ዛፍን ከውኃ አርቅ። በዚህ ዛፍ ላይ ጥላቻ የለኝም። ከአጼ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን በማገዶና በማገር ያኖረ ዛፍ ነው፤ የልጅህን የትምህርት ቤት ወጪም ይሸፍናል። ደረቅ ጉብታ ካለህ እዚያ ትከለው። ምንጭ አጠገብና ጨፌ ዳር ግን አይሁን። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ቶሎ የሚጠጣ ነው። አባትህ የተከላቸው አሥር የሚሆኑ ግንዶች ከጨፌው ራስ ላይ እንዳሉ አውቃለሁ። በእነሱ ጀምር፤ ቆርጠህ ሽጣቸው፣ ጉቶውም ደግሞ ያቆጠቁጣልና ቁጥቋጦውን በወጣ ቁጥር መልምለው። በቦታቸው ዶቅማና ሾላ ይግቡ፤ እነዚህ ውኃ ዳር የለመዱ ናቸው።

7. ዘርህን ከቅርብ፣ ግን ከብዙ እናት ዛፍ ልቀም። ከሩቅ የመጣ ዘር የእኛን ጉምና የእኛን አፈር አያውቅም። ከአንድ ዛፍ ብቻ የተለቀመ ደግሞ ሁሉም ወንድማማች ነው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። ተራርቀው ከቆሙ ጤነኛ ዛፎች እየዞርክ ሰብስብ፤ ለወፉና ለጉሬዛም አስተርፍ፣ ዘር የሚበትኑልህ እነሱ ናቸውና። የዘር ጠባይ እንደ ሰው ይለያያል። የዋንዛ ፍሬ ሙጫ አለው፤ ጣት ላይ ተጣብቆ አይለቅም። በአሸዋ አሽተህ፣ አጥበህ፣ ጥላ ውስጥ አድርቀው። የብርብራ ቆባ ፀሐይ ሲበረታ እየተሰነጠቀ ዘሩን ይወረውራል፤ ሳይፈነዳ ቀድመህ ድረስበት። የዶቅማና የጥቁር እንጨት ዘር መጋዘን አይወድም፤ እንደለቀምክ ዝራው፤ ለወራት ያስቀመጥከው አይበቅልልህም። የዝግባ ዘር ደግሞ ቅርፊቱ ጠንካራ፣ አበቃቀሉ ዘገምተኛ ነው፤ ዛሬ የዘራኸውን ለመጪው ዓመት እንጂ ለዘንድሮ ሰኔ አትቁጠረው። «ዘሩ ሞቷል» ብሎ መደቡን የሚገለብጥ ጎረምሳ ብዙ አይቻለሁ።

8. በቅርንጫፍ የሚበቅለውን በዘር አትድከምበት። ኮርች በክንድ ውፍረት ቆርጠህ ጫፉን ለጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ አድርቀህ በመጀመሪያው ዝናብ ብትተክለው አጥር ይሆንልሃል። ግራዋም እንዲሁ ነው። በሽቦ የታጠረ ማሳ ሽቦው ሲዝግ ይከፈታል፤ በኮርች የታጠረ ግን በየዓመቱ ይጠናል።

9. አደባልቅ። ለቡና ጥላ ሰሳ ይመረጣል፤ ቅጠሉ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲረግፍም አፈሩን ያለመልማል። ብርብራም አፈር የሚመግብ ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ ሰሳ ብቻ አትደርድር። ንብህን አስብ፤ ኢሉባቦር የማር አገር ናት። በበጋው አጋማሽ ግራዋ ያብባል። የመጀመሪያው ካፊያ ሲጥል ቡናው በአንድ ሳምንት ነጭ ለብሶ ይውላል። ቀጥሎ ገተማው አለ፤ ያ ነጩ ማር ከእሱ ነው። ዶቅማና ብሳናም በየተራቸው ይመጣሉ። አንዱ ሲረግፍ ሌላው የሚያብብበት ማሳ ላይ ቀፎ ባዶ አይሆንም። ዛፍ መርጠህ ስትጨርስ «ንቦቼ በየትኛው ወር ይራባሉ?» ብለህ ራስህን ጠይቅና ክፍተቱን ሙላ። ትልቁን ገተማ ደግሞ አርጅቷል ብለህ አትቁረጥ። ብዙ ጊዜ በሌላ ዛፍ ላይ ተጠግቶ የሚጀምር ዛፍ ነውና አንተ ተክለህ በቀላሉ የምትተካው አይደለም።

10. ጉድጓዱን ቀድመህ፣ ችግኙን አይተህ። ጉድጓድህ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን ቀዩን በሌላ ወገን ክመር፤ ስትተክል ጥቁሩ ወደ ሥር ይግባ። ጉድጓዱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተከፍቶ ይቆይ፣ አየርና ካፊያ ይግባው። ችግኝ ስትገዛ ወይም ስትቀበል ርዝመቱ አያማልልህ፤ ፕላስቲኩን ገለጥ አድርገህ ሥሩን እይ። ሥሩ ከታች ተጠምዝዞ ክብ ከሠራ ወይም ፕላስቲኩን በስቶ መሬት ከያዘ ችግኙ አርጅቷል። በተከላ ቀን ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቀው። ይህን ለአዋቂ ሰው መንገር ያሳፍራል፤ ነገር ግን ከነፕላስቲኩ ተቀብሮ የደረቀ ችግኝ እጄ ስንቴ ነቅሏል። ያወለቅኸውንም ፕላስቲክ ሰብስበህ ይዘህ ውጣ፤ ጨፌ ውስጥ እንዳይገባ።

11. እሳት አታስነሣ። በጥርና በየካቲት ማሳ ለማጽዳት ወይም ማር ለመቁረጥ የተለኮሰ እሳት ንፋስ ካገኘው ካስማ የተከልክለትን ቡቃያ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይጨርሳል። ማር የሚቆርጥልህ ሰው ጭሱን አጥፍቶ፣ አመዱን በውኃ አርሶ ይውረድ። ፍየልም ያው እሳት ናት፤ እሰራት።

12. ከተከልክ በኋላ ሦስት ዓመት ቁም። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር አገሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ እኔም ወጥቻለሁ፤ ያን ቀን እወደዋለሁ። የሰው ልጅ በአንድ ቀን ለዛፍ ሲል ከቤቱ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በመስከረም አረሙ ችግኙን ሲውጠው ማን ይወጣል? በታኅሣሥ ፀሐዩ ሲጠነክርስ? የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ሁለቴ ማረም፣ በበጋ ሥሩን በደረቅ ሣር መሸፈን፣ ከብት መከልከል ነው። ሁለተኛው ዓመት የሞተውን መተካት ነው። ሦስተኛው ዓመት ቡናውንና ዛፉን ማስታረቅ ነው፤ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ መልምለህ ከፍ ታደርገዋለህ። ልታሳድገው ከምትችለው በላይ አትትከል። ሃያ ዛፍ አሳድጎ ያሳየኝን ሰው ሁለት ሺህ ተክያለሁ ከሚለኝ አብልጬ አምነዋለሁ።

13. ብቻህን አትሥራው። ውኃ የማሳ ድንበር አያውቅም። የእኛ የሶር ወንዝ ከገባ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፤ ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፤ የባሮ ውኃ ጋምቤላን አቋርጦ በመጨረሻ ነጭ ዓባይ ይገባል። ካንተ በላይ ያለው ጎረቤት ዳገቱን ከገለጠው ደለሉ ጨፌህ ላይ ያርፋል፤ አንተ ደግሞ ቦይህን ሳትነግረው ከደፈንክ ውኃው ሽቅብ ተመልሶ የእሱን በቆሎ ሊያሰጥም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቡና አፍልተህ ጥራቸው። ከላይ ያለውንም ከታች ያለውንም፣ የተቀየምከውንም ጭምር። ኦሮምኛ ተናገር፤ ተወልደህ ያደግህበት ቋንቋ ነው፤ ነገሩ በእነሱ አፍ ሲነገር ይቀላል። ምን ልታደርግ እንዳሰብክ ንገራቸው፤ ከዚያ ዝም ብለህ ስማ። ደቦ የምትጠራውም ከዚያ በኋላ ነው። ሴቶቹን አትርሳ፤ ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ በትክክል የሚያውቁት ውኃ ቀጂዎቹ ናቸው፣ አባወራዎቹ አይደሉም።

ጥር እየገባ ነው። ቅዳሜ ከገበያ በፊት ወደ ጨፌው ራስ ውረድና ስንት ቦይ ክፍት እንደሆነ ቆጥረህ ንገረኝ። የዋንዛውን ፍሬ አሁን አትልቀም፤ ገና ቢጫ አልሆነም። ካስማውን ግን ዛሬ ማታ መጥረብ ትችላለህ፤ ጨርቅ ከፈለግህ ከእኔ ቤት አሮጌ ነጠላ አለ፣ መጥተህ ውሰድ።